የተከፋው ማን ነው?

ስለ ኢጎ፣ «እኔ» ስለሚለው ስሜታችን፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጉረኛ ነው። እኔ ግን ኢጎ ፍንትው ብሎ የሚታየኝ ሰው ሲከፋው ነው። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ታቀርባለህ፣ ማንም ከቁብ አይቆጥርህም፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ያንኑ ይደግመውና ይጨበጨብለታል። ሥራው አልተበላሸ፣ ደሞዝህ አልተነካ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይልሃል። ማነው እንዲህ የተከፋው?

ይህን ጥያቄ እስከ ጥግ ድረስ ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ሕንዳዊው መንፈሳዊ መምህር ራማና ማሃርሺ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሕንዷ ማዱራይ አጎቱ ቤት የሚኖር የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ምንም ሳያመው ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ሰው አልጠራም። መሬት ላይ ተጋደመ፣ እጅና እግሩን እንደ ሬሳ አደረቀ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ራሱን ጠየቀ፦ ይህ አካል ተወስዶ ቢቃጠል እኔም አብሬ አከተምኩ ማለት ነው? አካሉ ቢሞትም የማይሞት ነገር እንዳለ ያኔ ታየው። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ጥሎ አሩናቻላ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ቲሩቫናማላይ ሄደ፣ በ1950 እስኪያርፍ ድረስም ከዚያ አልወጣም።

መንገዱ ከኢጎ ጋር ቡጢ መግጠም አይደለም። አንድ ሐሳብ ሲመጣ፣ ንዴትም ይሁን ምኞት፣ ለማን ነው የመጣው ብለህ ትጠይቃለህ። ለእኔ። እኔ ማን ነኝ? ሌሎቹ ሐሳቦች ሁሉ የሚንጠለጠሉት «እኔ» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው፣ እሱን ፊት ለፊት ስትፈልገው ደግሞ መያዣ ያጣል። ጥያቄውም ቢሆን ራሱ ይጠፋል፤ የሬሳ ማቃጠያውን እሳት የሚቆሰቁሱበት እንጨት መጨረሻ ላይ አብሮ እንደሚነደው ነው ይላል።

እዚህ ላይ የኛ አባቶች ትዝ ይሉኛል። መነኩሴ ሲመነኩስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፣ ለዓለም ሞቷልና። ከንቱ ውዳሴ ደግሞ ደህና አድርጎ የሚጾመውን ሰው እንደሚያጠምድ ያውቃሉ፤ ኢጎን አሸነፍኩ ብሎ ደረቱን የሚነፋው ራሱ ኢጎ ነውና።

ለእኔ ግን የራማና ትምህርት ክብደት ያለው በአኗኗሩ ነው። ገና ሳይነጋ ኩሽና ገብቶ ከሌሎቹ ጋር አትክልት ይከትፋል። ለሁሉም ያልተዳረሰ ምግብ ለብቻው ሲቀርብለት አይወድም። በ1924 ሌሊት ሌቦች አሽራሙን፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የሚኖርበትን ገዳም መሰል ስፍራ፣ ሰብረው ገብተው እግሩን በዱላ መቱት። አንዱ ደቀ መዝሙር ብረት አንስቶ ሊመታቸው ሲነሳ ከለከለው፤ እነሱ የነሱን ይሥሩ፣ እኛ ግን ከመንገዳችን አንውጣ ነበር ሐሳቡ።

ስለዚህ አንድ ሰው ሌላውን በድሎ ሲያበቃ «ሁላችንም አንድ ነን፣ በዳይም ተበዳይም የለም» ሲል በጣም ያበሳጨኛል። ራማና ሁሉም አንድ ነው ሲል ይህን ማለቱ አይደለም። እሱ ሕመሙን ራሱ ተሸከመ እንጂ ሌላው እንዲሸከም አላደረገም። ተበዳዩ ላይ የሚጫን አንድነት ኢጎን ከተጠያቂነት ከመደበቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሁሉንም ግን አልቀበልለትም። ፈጣሪና ፍጡር ውስጣቸው አንድ ነው የሚለው አድቫይታ የተባለው የራማና የሕንድ ፍልስፍና ድምዳሜ ከእምነቴ ጋር አይሄድም፣ ልቤም አይቀበለው። ጥያቄውን ግን ይዤዋለሁ። ተቀይሜ ልጸልይ ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው፤ አንዳንዴ ቂሙ ይለቀኛል፣ አንዳንዴም አልለቅም ይላል።