የገና ሰላምታ ለፊልም ሠሪዎቻችንና አዳራሹን ለሚሞሉላቸው ሁሉ

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ገናን ለማታከብሩም ሰላምና ጤና ከነቤተሰባችሁ እመኛለሁ። አገር ቤት ላላችሁ፣ እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፣ በዓሉን ሥራ ላይ ሆናችሁ ለምታሳልፉ ሁሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የጻፍኩትን እያነበባችሁ፣ እያረማችሁና እያበረታታችሁ ስለቆያችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዘንድሮ የበዓል መልእክቴን ለፊልም ሰጥቼዋለሁ። የማወራው ግን ፖስተራቸው አውቶቡስ ላይ ተለጥፎ ስለሚዞረው አይደለም። በየከተማው፣ በማኅበረሰብ አዳራሽ፣ በኮሌጅ ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ስለሚታዩት ነው። ጥቁሮች፣ ላቲኖዎች፣ እስያውያን፣ የምድሪቱ ቀደምት ባለቤቶች፣ እንደኛ ከአፍሪካ የመጣንም ስደተኞች ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ፣ በራሳችን ገንዘብና በወዳጅ እርዳታ የሠራናቸውን ፊልሞች ሰብስበው የሚያሳዩ ፌስቲቫሎች አሉ። እነዚህ ፌስቲቫሎች ባይኖሩ ኖሮ ስለራሳችን የምናውቀው ብዙ ነገር ይጎድል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ካሜራ በየኪሳችን ከገባ ወዲህ ፊልም መሥራት ቀሏል ይባላል። ቀረጻው ቀሏል፣ እውነት ነው። ፊልሙን ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ስልኩን ዘግቶ ለሚያይ ተመልካች ማድረስ ግን ዛሬም ፈተና ነው። ነጭ ያልሆኑ ፊልም ሠሪዎችን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ትልቁ ግድግዳ የቆመው እዚሁ ጋ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ኦስካር ሚሾን ውሰዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በሳውዝ ዳኮታ መሬት ያረሰ፣ ልብ ወለድ ጽፎ ቤት ለቤት እየዞረ የሸጠ ጥቁር ሰው ነው። አንድ የፊልም ኩባንያ መጽሐፉን ወደ ፊልም ለመቀየር ሲጠይቀው፣ ዳይሬክተሩ እኔ ካልሆንኩ አይሆንም አለ። አልተስማሙም። እሱም የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ፣ አክሲዮን ሸጦ፣ በ1919 የመጀመሪያ ፊልሙን አወጣ። ከዚያ በኋላ ከ40 በላይ ፊልሞች ሠርቷል፤ ቅጂውን ተሸክሞም ከከተማ ከተማ እየዞረ ለጥቁሮች ሲኒማ ቤቶች ያከራይ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። በ1920 የወጣው አንዱ ፊልሙ ለአሥርት ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ከቆየ በኋላ ቅጂው የተገኘው ስፔን አገር ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። የአንድ ሕዝብ ምስል ባሕር ማዶ፣ በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ ታጅቦ ተቀምጦ የሚተርፈው የሚያስቀምጥለት ቤት ስላልነበረው ነው።

ወደኛው ሰው ልምጣ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወልደው በ1967 አሜሪካ ገቡ። በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲማሩ እንደ ቻርለስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ያሉ ጥቁር ተማሪዎች በዚያው ትምህርት ቤት አልፈዋል፤ ሆሊዉድ የጥቁርን ሕይወት በሚያሳይበት መንገድ አንቀጥልም ያሉ ልጆች ነበሩ። ኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች "የሎስ አንጀለስ አመፅ" ብለው ሰየሟቸው። ኃይሌ ስለ ባርነት የሠሩት "ሳንኮፋ" በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀርቦ ሳለ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ማኅበራትን፣ ቤተ ክርስቲያናትንና ተማሪዎችን አስተባብረው ፊልሙን ከከተማ ከተማ አዞሩት፤ ሰውም ተሰለፈ። ዋሽንግተን የምትኖሩ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን በፊልሙ ስም የተጠራ የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤታቸውን ታውቁታላችሁ። ፊልሙ ታድሶ በዳይሬክተሯ በአቫ ዱቨርኔይ የፊልም ማከፋፈያ ኩባንያ በአሬይ በኩል ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊልሙን በሕይወት ያቆየው ትኬት ቆርጦ የገባው፣ ካሴቱን ገዝቶ ለዘመዱ ያዋሰው ሰው ነው።

የቻርለስ በርኔት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የመመረቂያ ሥራው የሆነውን፣ በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር ስለሚኖር የቄራ ሠራተኛ የሚተርከውን ፊልም ቅዳሜና እሑድ እየቀረጸ፣ ከ10,000 ዶላር በማይበልጥ ወጪ ጨረሰው። ፊልሙ በ1990 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአገር ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ እንኳ ሲኒማ ቤት በሰፊው አልወጣም። ምክንያቱ ሙዚቃው ነው። የዘፈኖቹ ፈቃድ ስላልተከፈለ እስከ 2007 መጠበቅ ግድ ሆነ። ዛሬም ወጣት ፊልም ሠሪዎቻችን ይህንኑ ጣጣ ያውቁታል። አንድን ዘፈን ለፌስቲቫል ብቻ ማስፈቀድ ይቻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት ወይም ወደ ቴሌቪዥን ሲያልፍ ግን ሒሳቡ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ፌስቲቫል ላይ ያያችሁትን ፊልም ሌላ ቦታ ላታገኙት ትችላላችሁ። "ኋላ ኢንተርኔት ላይ አየዋለሁ" ለምትሉ ወዳጆቼ ይህችን አስቡልኝ።

ፌስቲቫሎቹ የተወለዱት ከዚህ ሁሉ ነው። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የፊልም ፌስቲቫል በ1975 ተጀመረ፤ የእስያ አሜሪካውያኑ በ1978 ኒው ዮርክ ውስጥ ተከተለ። ተዋናዩ ዳኒ ግላቨርና ጓደኞቹ የሎስ አንጀለሱን ፓን አፍሪካን ፌስቲቫል በ1992 መሠረቱ። ፊላደልፊያ ውስጥ ብላክስታር የተባለው ፌስቲቫል በ2012 ተነሣ፤ ዛሬ ከመላው ዓለም ፊልም ይመጣለታል። ከእነዚህ ስመ ጥሮች ሥር ደግሞ ስማቸው ከሰፈራቸው የማያልፍ፣ በአሥር ሰው ትከሻ የቆሙ ብዙዎች አሉ። ከሁሉም ይልቅ ልቤ እነሱ ጋ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የአጫጭር ፊልሞች ሰዓት ላይ ግቡ። ቡናውን የሚቀዳው፣ ትኬት የሚቀደው፣ ማይክ ይዞ በወንበሮች መካከል የሚሮጠው በጎ ፈቃደኛ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ባለፈው እንዲህ ባለ አዳራሽ ተቀምጬ አንድ የአማርኛ ፊልም ይታያል። እናት ልጇን በስልክ "ቁጥሬ ነው የጠፋብህ ወይስ እኔ?" ስትለው እኛ ሐበሾቹ በሳቅ ፈነዳን። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከታች ሲወጣ የቀሩት ሳቁ። ቀጥሎ የመጣው ስፓኒሽ ነበር፤ እዚያ ጋ ደግሞ ቀድመው የሚስቁት ሌሎች ሆኑ፣ እኛ ዘግይተን ደረስን። ከኋላዬ የነበሩ ሴት ለጓደኛቸው "የኔም እናት እንደዚሁ ናት" ሲሉ ሰማሁ፤ ስለ የትኛው ፊልም እንዳሉ አልለየሁም፣ መለየትም አላስፈለገኝም። ይህን ቤት ሶፋ ላይ ብቻዬን ሆኜ አላገኘውም።

ሌላው ብርሃን ነው። ለዓመታት የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች በሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም "ሸርሊ" ይባል ነበር። ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ስለነበር የጥቁር ሰው ፊት ብዙ ጊዜ በጥላ ተውጦ ይወጣ ነበር፤ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። አሁን የኛ ልጆች መብራቱን ለኛ ፊት አስበው ሲያስቀምጡ፣ የጠይሙና የጥቁሩ ልዩነት፣ የጉንጭ ወዝ፣ የአዛውንት ግንባር መስመር ሁሉ በትልቁ ስክሪን ላይ ይነበባል። እኔ ይህን ሳይ ታሪኩን ትቼ ፊቶቹን ብቻ የማይበት ጊዜ አለ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ጥያቄና መልስ ላይም ቶሎ አትውጡ። ብዙው ሰው ኮቱን ለብሶ በር ጋ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። ዳይሬክተሩ ወይም ዳይሬክተሯ ግን ምናልባት በራሳቸው ወጪ ተሳፍረው፣ ዘመድ ቤት አድረው የመጡት ለዚህች ሃያ ደቂቃ ነው። "ገንዘቡን ከየት አመጣችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ ጥሩው ታሪክ እዚያ ውስጥ ነው። የተመልካች ሽልማት ወረቀት ከተሰጣችሁ ሞልታችሁ መልሱ። አዳራሹ መሙላቱን አዘጋጆቹ ለሚቀጥለው ዓመት ድጎማ ሲጠይቁ ይጽፉታል፤ ፊልም ሠሪውም የሚቀጥለውን በር ሲያንኳኳ ይጠቅሰዋል።

በዚህ በዓል ምኞቴ እንዲህ ነው። የቀን ሥራዋን ጨርሳ ሌሊት ፊልሟን ስትቆርጥ ለምታድረዋ እህቴ፣ ፊልሟን ጨርሳ በሙሉ አዳራሽ የምታይበት ዓመት ይሁንላት። ፌስቲቫል ባዘጋጀ ቁጥር ከኪሱ ለሚሞላው ወንድሜ፣ ደጋፊ ይላክለት። ልጆቻቸው "ፊልም ልማር" ሲሉ ልባቸው ለሚፈራ እናትና አባቶች፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ከልጃችሁ ጋር ገብታችሁ እዩ። በየመግቢያው ቆማችሁ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ለምትሉን በጎ ፈቃደኞች፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።

እዚህ አገር ፌብሩዋሪ የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው፤ ከገና በኋላ ሩቅ አይደለም። የሎስ አንጀለሱም ፌስቲቫል በዚያው ሰሞን ነው፣ በየከተማችሁ ያሉትም ፕሮግራማቸውን አሁን እያወጡ ነው። አንድ ሰው አስከትላችሁ አንድ ፊልም ምረጡና ሂዱ፤ ያያችሁትንም ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ። መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ!