ቃልኪዳን በኬ፣ ቃልኪዳን በኪው

ትናንት ማታ የእድራችንን ድረ ገጽ መግቢያ በሃይድራ፣ ፓስወርድ እየገመተ በሚሞክር ፕሮግራም፣ ፈተሽኩት። ገጹን የሠራሁት እኔው ነኝ። ቢሆንም ሊቀመንበሩን አስፈቅጄ፣ አስፈርሜ ነው የጀመርኩት። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። ደግሞም እዚያ ያለው የጎረቤቶቼ ስምና መዋጮ ነው።

ሃይድራ የሚሠራው ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በጽሑፍ በምናዝበት መስኮት፣ በሚጻፍ አንድ መስመር ነው። የተጠቃሚ ስም፣ የፓስወርድ ዝርዝር፣ የገጹ አድራሻ ትሰጠዋለህ። መጨረሻ ላይ ገጹ ሲከለክል የሚያወጣውን ቃል ትጨምራለህ። የምታስቸግረው ይቺ ቃል ናት። እኔ «ስህተት» ብዬ ሰጠሁት፤ ገጹ የሚለው ግን «ትክክል አይደለም» ነው። ሃይድራ በአንዴ 16 ሙከራ ይልካል። «ስህተት» የሚለውን ስላላየ 16ቱንም ተገኙ አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። አስተካክዬ ደገምኩት።

ካሊ ሊነክስ በሚባለው ለደህንነት ፍተሻ በተዘጋጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለው የፓስወርድ ዝርዝር ሮክዩ ይባላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ከዚያው ስም ካለው ኩባንያ ከ32 ሚሊዮን አካውንት በላይ ፓስወርድ ሳይመሰጠር ወጣ። ተደጋጋሚው ሲቀነስ 14 ሚሊዮን ገደማ ቀረ። በደቂቃ ሺህ ቢሞከር እንኳ 10 ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን 10 ሺህ ብቻ ሰጠሁት። ምንም አላገኘም።

ያኔ ነው የራሴን ዝርዝር የጻፍኩት። የእኛን ስሞች በላቲን ፊደል፣ ከኋላቸው ዓመተ ምሕረት። አጻጻፋችን አንድ አይደለም፤ ቃልኪዳንን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምራታል። ሁሉንም አስገባሁ። ጥቂት ደቂቃ አልፈጀም፤ የጸሐፊያችን ፓስወርድ ተገኘ። የልጅ ልጃቸው ስምና የተወለደችበት ዓመት ነበር።

ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ የራሴ ጥፋት ነው። ያን ሁሉ ሺህ ጊዜ ሲሳሳት ገጼ አንዴም «በቃ» አላለም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። አሁን አምስቴ የተሳሳተ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል።

ዛሬ ጠዋት ጸሐፊያችን ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፓስወርድዎን እንቀይረው» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ የሷ ስም አይጠፋብኝም ብዬ እኮ ነው።»

የማይገናኙ አራት ቃላት ይምረጡ፣ ለእኔም እንዳይነግሩኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ሲጽፉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።