ሰባት ኮር፣ 51 ብርጌድ፦ የጌቲስበርግን የጦር ዝርዝር ስማር

ሰላም ናችሁ? «የያዝሽው ነገር የት ደረሰ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከጥር ወዲህ ልጆቹ ሲተኙ የምቀመጥበት ሥራ አንድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጌቲስበርግ ላይ የተዋጋው የሰሜኑ ሠራዊት እንዴት እንደተደራጀ፣ ማን በማን ስር እንደነበረ፣ ከላይ እስከ ታች ማወቅ። ውጊያው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 ነው የተካሄደው። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ለመሸምደድ ሞከርኩ። አልሆነም። የሰሜኑ ጦር ብቻ ሰባት የእግረኛ ኮር፣ 19 ክፍለ ጦር፣ 51 የእግረኛ ብርጌድ አለው። ፈረሰኛውና መድፈኛው ሳይቆጠር ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ለፍቼ በአራተኛው ሳምንት የሁለተኛውን ኮር ከአምስተኛው መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ገለበጥኩት፤ ከታች ጀመርኩ። አንድ ሬጅመንት (ከብርጌድ በታች ያለው ክፍል) መረጥኩና ወደ ላይ ወጣሁ። የመረጥኩት 20ኛው ሜይን ነው፤ ሬጅመንቶቹ የሚጠሩት በመጡበት ግዛት ስም ነው። ከሦስት ሌሎች ሬጅመንቶች ጋር ሆኖ አንድ ብርጌድ ነው፤ አዛዡ ኮሎኔል ስትሮንግ ቪንሰንት። ብርጌዱ በጄኔራል ባርንስ ክፍለ ጦር ስር ነው፣ ክፍለ ጦሩ በጄኔራል ሳይክስ አምስተኛ ኮር ስር፣ ኮሩ በሠራዊቱ አዛዥ በጄኔራል ሚድ ስር። አራት እርከን ብቻ። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ በዚያው መልክ የተሠራ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፤ የምትወዱትን አንድ ሬጅመንት ያዙና ደረጃውን ውጡ።

የቁጥሩ ነገር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በወረቀት ላይ አንድ ሬጅመንት አሥር ሻምበል አለው፣ ሻምበሉ መቶ መቶ ሰው ገደማ፣ በድምሩ አንድ ሺህ። እኛ ሻለቃ የምንለው ሺህ አለቃ ከሚለው የመጣ ስለሆነ ሺህ ሰው በአንድ አለቃ ስር መሆኑ ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም። ጌቲስበርግ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ሬጅመንቶች ሦስት መቶ አካባቢ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጥይትና በበሽታ አልቀው ነው። ክፍለ ሀገሮቹ ደግሞ የጎደለውን ከመሙላት ይልቅ አዲስ ሬጅመንት ማቋቋም ይቀናቸው ስለነበር አሮጌው እየመነመነ ይሄዳል። አንደኛው ሚኒሶታ ጁላይ 2 ቀን ማምሻውን ክፍተት እንዲዘጋ ሲታዘዝ ወደ ፊት የሮጠው 262 ሰው ነው። ሬጅመንት የሚለውን ቃል ሳነብ ሺህ ሰው ይታየኝ ነበር። አሁን በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ የተሰለፈውን ሰው ቁጥር በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ያኔ ነው ውጊያው መልክ የሚይዘው።

ካርድ ስል፣ አሠራሬን ላሳያችሁ። ለእያንዳንዱ ብርጌድ፣ ለቪንሰንት ደግሞ ለየሬጅመንቱም፣ አንድ አንድ ካርድ አለኝ። ካርዱ ላይ ከባለቀለም ወረቀት ቆርጬ የኮሩን ምልክት እለጥፋለሁ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ወታደሮቹ ራሳቸው ኮፍያቸው ላይ ያደርጉት የነበረ ነው። በ1863 ከሚድ በፊት አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሁከር ነው በሠራዊቱ ሁሉ ያስፋፋው። አንደኛ ኮር ክብ፣ ሁለተኛው ሦስት ቅጠል፣ ሦስተኛው ዳይመንድ፣ አምስተኛው የማልታ መስቀል፣ ስድስተኛው ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል፣ አሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ አሥራ ሁለተኛው ኮከብ። ቀለሙ ደግሞ ክፍለ ጦሩን ይነግራል፤ አንደኛው ክፍለ ጦር ቀይ፣ ሁለተኛው ነጭ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ። ቀይ የማልታ መስቀል ካያችሁ አምስተኛ ኮር፣ አንደኛ ክፍለ ጦር ነው፣ አለቀ። ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ሳይቀር «ነጭ ኮከብ» ስላት በጣቷ ታሳየኛለች።

አንድ ስህተት ልንገራችሁ፣ እናንተም እንዳትለፉበት። የአሥራ ሁለተኛው ኮር አንደኛ ክፍለ ጦር ላይ አንደኛና ሦስተኛ ብርጌድ አለ፣ ሁለተኛ የለም። የስድስተኛው ኮር ሁለተኛ ክፍለ ጦር ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ብርጌድ እንጂ አንደኛ የለውም። ካርድ የጠፋብኝ መስሎኝ ሁለት ምሽት ፈለግኩ። አልጠፋም። የስድስተኛው ኮር ቁጥር ቀደም ብሎም የዘለለ ነበር፤ ሌላው ግን፣ በሜይ ከነበረው የቻንስለርስቪል ውጊያ በኋላ የሁለት ዓመት ወይም የዘጠኝ ወር ግዴታቸውን የጨረሱ ሬጅመንቶች ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ሠራዊቱም ተሸጋሸገ። የሦስተኛው ኮር ሦስተኛ ክፍለ ጦር ጭራሽ ፈርሷል። ዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር ሲዘል ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነውና ሂዱበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ዝርዝሩ ላይ በአንዳንድ ማዕረግ አጠገብ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ስም ይደረደራል። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ስም ብቻ እየያዝኩ ሌላውን እዘለው ነበር። ትልቁ ነገር ያለው ግን እዚያ ነው።

ጁላይ 1 ጠዋትን ውሰዱ። ጄኔራል ሬይኖልድስ የሠራዊቱን ግራ ክንፍ እየመራ ነበር፤ የራሱን አንደኛ ኮር ለደብልዴይ አስረክቧል። ሬይኖልድስ በጥይት ተመቶ ወዲያው ሞተ። በማዕረግ ቀዳሚው ሃዋርድ ነበርና ሜዳውን ሙሉ ያዘ። ሃዋርድ ሜዳውን ሲይዝ የሱን አሥራ አንደኛ ኮር ሹርዝ ያዘ። የሹርዝን ክፍለ ጦር ሺመልፌኒግ ያዘ። የሺመልፌኒግን ብርጌድ ኮሎኔል ቮን አምስበርግ ያዘ። ቮን አምስበርግ ደግሞ 45ኛው ኒውዮርክ የሚባል የራሱ ሬጅመንት ነበረው፣ እሱን ለበታቹ ተወ። ልብ በሉ፣ የተመታው አንደኛው ኮር ጋ ያለ ሰው ነው፤ አሥራ አንደኛው ኮር ውስጥ ግን ከኮሩ እስከ አንድ ሬጅመንት ድረስ በየእርከኑ አዲስ አለቃ መጣ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የሚለማመዱት ጠላት እየመጣ ነው። አሥራ አንደኛው ኮር ከሰዓት በኋላ ለምን ተሰበረ ሲባል ብዙ ምክንያት ይነሳል፣ የመሬቱም የሰው ብዛቱም አለ፤ እኔ ግን ይህንን ሰንሰለት ሳላይ ፍርድ መስጠት ትክክል አይመስለኝም።

በዚያው ቀን ሚድ የሁለተኛውን ኮር አዛዥ ሃንኮክን ላከው። ሃንኮክ በማዕረግ ከሃዋርድ ያነሰ ነው፣ ግን የሚድ ትእዛዝ በእጁ አለ። ማታ የአሥራ ሁለተኛው ኮር አዛዥ ስሎከም ያዘ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ሚድ ራሱ ደረሰ። ሚድ ደግሞ የሠራዊቱ አዛዥ ከሆነ ገና ሦስት ቀኑ ነው። በአንድ ቀን አንድ ሜዳ ስንት አለቃ እንዳየ ቁጠሩ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ባለፈው ወር ሄድኩ። መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። በ270 ወደ ፍሬድሪክ ትወጣላችሁ፤ ሚድ ጁን 28 ሹመቱን የሰማው እዚያ ነው። ከዚያ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን፣ በኤሚትስበርግ በኩል፣ አንደኛውና አሥራ አንደኛው ኮር በመጡበት አቅጣጫ። ሜዳው ላይ የብርጌድ ሰሌዳዎች ቆመዋል። የሰሜኑ መሠረቱ አራት ማዕዘን ነው፣ የደቡቡ ክብ። ይህን ካወቃችሁ ሳታነቡ ከሩቅ ትለያላችሁ። በብዙዎቹ የሰሜኑ ሐውልቶችም ላይ የኮር ምልክት ተቀርጿል። ጨረቃዋን ሳያት ካርዴ ድንጋይ ሆኖ የጠበቀኝ መሰለኝ።

ሊትል ራውንድ ቶፕ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጁላይ 2 ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ብርጌድ ፈልጎ የመጣው መልእክተኛ ባርንስን አጣው። ቪንሰንት አስቆመው፣ ትእዛዙን ጠየቀ፣ አዛዡን ሳይጠብቅ በራሱ ኃላፊነት ብርጌዱን ይዞ ወጣ። 20ኛው ሜይን በግራ ጫፍ፣ ቀጥሎ 83ኛው ፔንሲልቬኒያ፣ 44ኛው ኒውዮርክ፣ በቀኝ ጫፍ 16ኛው ሚሺጋን። ካርዶቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ድንጋዩ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ከ20ኛው ሜይን በኋላ ማንም የለም። የሠራዊቱ ሁሉ መጨረሻ ያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዛፍ ብቻ። ቪንሰንት እዚያው ቆስሎ ከቀናት በኋላ ሞተ፣ ብርጌዱን የ44ኛው ኮሎኔል ራይስ ያዘ።

መድፈኛው ላይ ገና ጀማሪ ነኝ። እያንዳንዱ ኮር የራሱ የመድፍ ብርጌድ አለው፣ ከዚያ ውጭ ለሠራዊቱ በሙሉ የሚሆን ተጠባባቂ መድፈኛ አለ፣ ከሁሉም በላይ የመድፈኛ አዛዡ ጄኔራል ሃንት። ታዲያ ጁላይ 3 ሃንት ጥይት እንዲቆጠብ ሲል ሃንኮክ የኔ ኮር መድፎች ይተኩሱ አለ። የኮሩ መድፍ የማን ነው? ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም መስመር አለ። በተግባርም የሃንኮክ ኮር ባትሪዎች (የመድፍ ቡድኖች) ተኮሱ፣ ከተጠባባቂው የመጡት ግን ሃንትን ሰሙ።

የደቡቡን ጦር በቅርቡ ነው የጀመርኩት። ሦስት ኮር፣ ዘጠኝ ክፍለ ጦር፣ 37 ብርጌድ፤ ቁጥሩ ያነሰ ሆኖ እያንዳንዱ ግን ወፍራም ነው። ብርጌዶቹ በቁጥር ሳይሆን በአዛዣቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ እኛ «የራስ አሉላ ጦር» እንደምንለው። ለማስታወስ ይቀላል፣ ግን ሰውየው ሲሞት ስሙ ብርጌዱ ላይ ይቀራልና ያደናግራል። ደቡቡ ጁላይ 3 ያደረገው፣ የፒኬት ጥቃት የሚባለውም ገና አሁን ገባኝ። ከዘጠኙ ዋና ብርጌዶች የፒኬት ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩት የሄዝና የፔንደር ናቸው፤ ሁለቱም ስለቆሰሉ በፔቲግሩና በትሪምብል ይመሩ ነበር። ከፒኬት ሦስት የብርጌድ አዛዦች ጋርኔት ተገደለ፣ አርሚስቴድ ቆስሎ ሞተ፣ ኬምፐር ክፉኛ ቆሰለ።

አንድ ነገር ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች። የሦስተኛው ኮር አዛዥ ሲክልስ ጁላይ 2 ቀኝ እግሩን በመድፍ አጣ። የተቆረጠውን እግር ራሱ ወደ ጦሩ የሕክምና ሙዚየም ላከው። ያ ሙዚየም ዛሬ እኛው ሰፈር ነው፣ አጥንቱም እዚያ አለ። ቅዳሜ ሄጄ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ያ አጥንት ሲሰበር ኮሩን በርኒ ያዘ፣ የበርኒን ክፍለ ጦር ዋርድ፣ የዋርድን ብርጌድ ኮሎኔል በርዳን። ሚድ ሃንኮክን ሦስተኛውንም ኮር ደርበህ ያዝ ስላለው፣ ሁለተኛው ኮር ለጊበን አለፈ። ስሞቹን ማስታወሻዬ ላይ እዚያው ቆሜ ጻፍኳቸው።

ቀጣዩ ከደቡቡ ጦር የሁድ ክፍለ ጦር ነው። የኮር ምልክቶቹን መቁረጫ ቅርጽ ለምትፈልጉ እልክላችኋለሁ፣ ከታች ጻፉልኝ። ከእናንተ መካከል ፈረሰኛውን የጀመረ ካለ ደግሞ በምን እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።