የጮቄ ዋሻዎችና የሰኔ በጀት

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ከሁለት ወዳጆቼና ከአንድ መንገድ መሪ ጋር ሆነን ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ አናት ብዙም ሳንርቅ፣ እረኞች ዶፍ ሲመጣባቸው በጎቻቸውን የሚያስጠልሉበት አንድ ዐለት ሥር ተቀምጠን ቆሎ እንቆረጥም ነበር። ወለሉ በበጠጥና በዐመድ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከዐለቱ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ በበሩ በኩል ያለውን አፈር ክንድ ያህል ሸርሽሮ፣ ከሥር ያለውን ጠቆር ያለ ንጣፍ ገልጦታል። ከዚያ ንጣፍ ላይ ጠርዙ የሳሳ፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ስባሪ ድንጋይ ብቅ ብሎ አየሁ። መንገድ መሪያችን፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ገና ሲያዩት «ይኸማ ባልጩት ነው፤ ድሮ ራስ ይላጩበት ነበር ይባላል» አሉኝ። «አያ፣ እዚህ አገር ባልጩት ይገኛል እንዴ?» ብላቸው፣ «የት ተገኝቶ! ሰው ካላመጣው» ብለው ወደ ቆሎአቸው ተመለሱ።

አንድ ስባሪ ብቻውን ጥንት ሰው እዚህ እንደኖረ እንደማያረጋግጥ ዐውቃለሁ። ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ቦታውን በስልክ መዝግበን፣ ድንጋዩን ከነበረበት ሳናነቃንቅ ተውነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋም ሆነ ጥናት ማካሄድ አይቻልም፤ ከሕጉም ሌላ፣ ከንጣፉ የተነጠለ ድንጋይ ዕድሜውን የሚመሰክርለት ያጣል።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዓይኔን እንድጥል ያደረገኝ የባሌ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳየ። ሥጋቸው በአብዛኛው እዚያው አገር ያለው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ እየጠበሱ ይበሉታል። ባልጩታቸውን ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው፣ በዚያ ዘመን የበረዶ ግግር ከነበረበት ቦታ አጠገብ ያመጡ ነበር። ሰው በደጋው ውርጭ ላይ የሰፈረው በቅርብ ጊዜ ነው ይባል የነበረው ሐሳብ በዚህ ተናጋ። ወጪውን የሸፈነው የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ከአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ጎን የአፈር፣ የዕፅዋትና የጥንት በረዶ አጥኚዎችን አንድ ላይ አሰልፎ ለዓመታት ነበር የከፈለው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍልፈሉ ጥብስ ነው፤ እኔን የሚያስቀናኝ ግን ዋሻው ከመገኘቱ በፊት ተራራ ለተራራ ለሚደረገው ፍለጋ ገንዘብ የመደበ አካል መኖሩ ነው።

ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አስታው፣ ጅብራውና ጓሳው የባሌን ገጽታ ያስታውሳሉ። ፍልፈሉም አለ፤ የባሌውን ያህል ግዙፍ ባይሆንም በድንች ማሳ ላይ የሚሠራውን ገበሬው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ቦታ ለማግኘት የሚደረገው የአርኪዮሎጂ ዳሰሳ ቁፋሮ አይደለም። አምስት ስድስት ሰዎች በአሥርና በሃያ ሜትር ርቀት ተሰልፈው፣ እግራቸው ሥር ያለውን መሬት እያዩ፣ ያገኙትንም ያላገኙትንም በካርታ ላይ እየመዘገቡ የሚሄዱበት፣ ለሚያየው ሰው አሰልቺ የሆነ ሥራ ነው። ወጪው የበቅሎ ኪራይ፣ የመንገድ መሪና የጠባቂ የቀን ሒሳብ፣ ከቅርስ ባለሥልጣን አብሮ የሚወጣው ተወካይ ውሎ አበል፣ ድንኳን፣ ስንቅ፣ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ደግሞ መኪናና ነዳጅ ነው። ዋናው ገንዘብ የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአንድ ከሰል ናሙና ዕድሜ ለማስመርመር ብቻ ወደ ውጭ ልኮ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈል ያስፈልጋል። እግር ከሁሉም ይረክሳል፤ ገንዘብ የሚታጣው ግን ለእሱ ነው።

ይህን ከራሴ ገጠመኝ ነው የምናገረው። አንድ ጊዜ የአሥራ አንድ ቀን የዳሰሳ ዕቅድ አዘጋጅቼ ስሙን ለማልጠራው መሥሪያ ቤት አቅርቤ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ታገኛላችሁ?» የሚል ሆነ። የምናገኘው ቢታወቅማ ኖሮ ዳሰሳው ለምን ያስፈልግ ነበር? ያም ሆኖ ዕቅዱ ጸደቀና ገንዘቡ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተለቀቀ፤ እስከ ሰኔ 30 ወጪ ሆኖ ካልተወራረደ ተመላሽ ይሆናል ተባለ። ጮቄን በሰኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ጭጋጉ ከበቅሎህ ጆሮ በላይ አያሳይህም፣ ሣሩ መሬቱን ሸፍኖታል፣ ጭቃው እግር ይነቅላል። ዳሰሳ የሚወጣው መኸር ገብቶ፣ ሣሩ ደርቆ አፈሩ ሲታይ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ገንዘቡን ሳልነካ መለስኩ፤ በዓመቱ እንደገና ስጠይቅ «ባለፈው የተፈቀደልህን አልተጠቀምክም» የሚል መልስ አገኘሁ።

የውጭዎቹ ድርጅቶች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው። የዌነር ግሬን ፋውንዴሽን ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የመስክ ሥራ እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል፤ የሊኪ ፋውንዴሽንም የሰው ዘር አመጣጥን ለሚመለከት ጥናት ይረዳል። ነገር ግን የውጭ ገንዘብ የሚከተለው የሰጪውን ጥያቄ ነው። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ ጥያቄው ወደ አፋር ሲያዘነብል ኖሯል፤ ምክንያትም አለው፤ እዚያ ጥንታዊው ደለል ተሸርሽሮ አጥንቱ ወጥቶ ይታያል። የእኛ ደጋ እንዲህ ደጁን ከፍቶ አይጠብቅም።

ቆላው ግን ከወዲሁ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን፣ ከአልጣሽ ፓርክ በማይርቀው በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘውን የ74,000 ዓመት ሰፈር ይፋ አድርጓል። የቶባ እሳተ ገሞራ በኢንዶኔዥያ በፈነዳበት ዘመን፣ ወንዙ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ ሰዎቹ ዓሣ ወደ መብላት እንዳዘነበሉ ከእሳተ ገሞራው አመድና ከአጥንቱ ተነበበ። ሽንፋ የዓባይ ገባር ነው። የጮቄዎቹ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋም ወደዚያው ዓባይ ይወርዳሉ፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የቅዠት ጥያቄ አይደለም።

ለቆመ ግንብ ገንዘብ መለመን ይቀላል፤ የእቴጌ እሌኒን መርጡለ ማርያም ፎቶግራፍ ያየ ሰጪ እጁን መዘርጋቱ አይቀርም። ይህን አልቃወምም፤ ይገባታልም። ለማይታየው ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ጮቄን ጥብቅ ሥፍራ ስለማድረግ በተነገረ ቁጥር ወፉ፣ ዕፅዋቱና ምንጩ ይቈጠር ይባላል። የሚቈጥሩት ሰዎች በቅሎና መንገድ መሪ መያዛቸው አይቀርም። በዚያው ጉዞ አንድ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ቢታከል የሚጨምረው የአንድ ሰው ስንቅና የአንድ በቅሎ ኪራይ ነው። ገንዘቡ በኅዳር ይለቀቅ፤ «እዚህ ምንም የለም» የሚል የተመዘገበ ካርታም እንደ ውጤት ተቆጥሮ ይወራረድ፤ ቀጣዩ ሰው ያን ሸንተረር ደግሞ እንዳይዞረው።

በዚያ የጥር ቀን ቆሏችንን ጨርሰን ስንነሣ መንገድ መሪያችን ከሙጋ ምንጭ በላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ዋሻዎች እንዳሉ ነገሩን፤ አንደኛው ሃምሳ በግ ያስገባል አሉ። የበቅሎዎቹ ኪራይ የዚያኑ ዕለት ማታ ያልቅ ስለነበር ቁልቁል ወረድን።