ባቴ ውስጥ የምትዘለው ነገርና የጸሎቴ መልስ

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ታሪኩ ውስጥ ሽባ ተነስቶ አይሮጥም። እኔም እጅ ተጭኖብኝ ወዲያው አልተፈወስኩም። ግን ጸልዬ ነበር፤ ተመለሰልኝም። የሚገርመኝ አመላለሱ ነው።

ነገሩ ከእግሬ ጀመረ። የሁለቱም እግሮቼ ጣቶች ጫፋቸው ላይ ውርር ይለኝ ጀመር። ጉንዳን የሚሄድብኝ ዓይነት። ከዚያ ወደ ውስጥ እግሬ ገባ። ባዶ እግሬን ሆኜ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። አንድ ማታ እንዲያውም ካልሲዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ የገዛ ቆዳዬን ይዤ ጎተትኩ። ባለቤቴ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ደንግጧል።

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ዓይነት ሁለት፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ። ስለዚህ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ «ስኳር ነው»። መጀመሪያ የታየሁበት ቦታም ይህንኑ ነግረው ሸኙኝ። አልዋሹም። ስኳር ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀድሞ የሚጎዳው ረጃጅሞቹን ነርቮች ነው፤ ከእግር ጣት የሚጀምረውም ለዚህ ነው። የእኔ ስኳር ግን በዚያ ሰሞን ደህና ነበር። ይህቺ ነገር ሆዴን ትበላኝ ነበር።

ቆይቶ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ሌሊት ጋደም እንዳልኩ ቀኝ ባቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። ትር፣ ትር፣ ትር። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። ከቆዳዬ ስር ትል የሚላወስ ይመስላል። በጣቴ ስጫነው ይቆማል፤ ስለቀው ይቀጥላል። በሳምንቱ ግራ ጭኔ ላይ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ፣ ከዚያ የዓይኔ ቆብ ላይ። አያምም። ዝም ብሎ ይርገበገባል።

ስልክ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ፈለግኩ። ብዙም ሳልወርድ ኤኤልኤስ የሚል አገኘሁ። የፊዚክሱን ሊቅ ስቴፈን ሃውኪንግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያዋለው፣ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን የሚገድለው በሽታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ጠፋ። ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ስንቴ እንደተርገበገበ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ሌሊት በአንድ ሰዓት ውስጥ 64 ጊዜ። ጠዋት ደክሜ ስለምነሳ ቡና እጨምራለሁ፤ በቀን ስድስት ስኒ ደርሼ ነበር። ማታ ይብስብኛል። ስለባሰብኝ አልተኛም። ስላልተኛሁ ቡና እጨምራለሁ። ገባችሁ አይደል?

አንድ ሌሊት ጫፍ ደረስኩ። ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሼ ይፈጥናል፣ የከንፈሬ ዙሪያ ውርር አለኝ፣ የእጆቼ ጣቶች ተኮማተሩ። «በቃ፣ ፊቴ ላይ ወጣ» አልኩ። ተነስቼ ሳሎን ሄድኩና ተንበረከክኩ። ጸሎቴ አጭር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ ፈውሰኝ። ካልሆነ ደግሞ ምን እንደያዘኝ አሳየኝ። ፍርሃቱ ከበሽታው ቀድሞ ሊገድለኝ ነው።» አሜን ማለቴንም እርግጠኛ አይደለሁም። እዚያው ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግሥቱ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እንዲያውም አንድ ወንድም መድኃኒትህን ጣልና በእምነት ቁም አለኝ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። አልጣልኩም። የስኳርን መድኃኒት በራስ ሥልጣን ማቆም ለእኔ እምነት አይደለም፤ ይህን የምለው ቅር የሚለው ሰው ቢኖርም ነው። ባለቤቴ ግን «አንተ ጸልየሃል፣ እኔም ጸልያለሁ፤ አሁን ተነስና ታይ» ብላ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ደብተሬን አቀረብኩላት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ 64ቱ፣ ሁሉም አለ። ገለጥ ገለጥ አደረገችና ዘጋችው።

«እንመለስበታለን ጋሼ። መጀመሪያ ጫማና ካልሲዎን ያውልቁ።»

በተረከዝዎ ይሂዱ አለችኝ፤ ሄድኩ። በጣትዎ ጫፍ፤ ሄድኩ። እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር ይነሱ፤ ተነሳሁ። ከዚያ ጥያቄዋን አዘነበችው። በድንገት አንድ ጎንዎ ዝሎ፣ ፊትዎ ተጣሞ፣ ንግግርዎ ተሳስሮ ያውቃል? ሽንት አምልጦዎት ያውቃል? ድካሙ ከእግር ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ወጥቷል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ምግብ ለመዋጥ ያስቸግርዎታል? ለሁሉም የለም አልኩ። «ጥሩ። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል» አለች።

እግርዎን ገጥመው ይቁሙና ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ። ስጨፍን ወለሉ የሄደ መሰለኝ። በትከሻዬ ያዘችኝ። ከዚያ ከኪሷ ሁለት ጥርስ ያለው ሹካ የሚመስል ብረት አወጣች። መዳፏ ላይ መታ አድርጋ የእግሬ አውራ ጣት አጥንት ላይ አስቀመጠችው።

«ይሰማዎታል?»

«አዎ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ቅዝቃዜውን አይደለም። ንዝረቱ?»

«የምን ንዝረት?»

ዝም አለች። ብረቱን እንደገና መታችና የእጄ አንጓ ላይ አደረገችው። ዝዝዝ አለ፣ እስከ ክርኔ ድረስ። እግሬ ምን ያህል እንደራቀኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

መድኃኒቶቼን አንድ በአንድ ጠየቀች። የስኳር መድኃኒቴ ሜትፎርሚን ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች። «ይህንን ስንት ዓመት ወሰዱት?» ዘጠኝ አልኳት። «ቢ12 ተለክተው ያውቃሉ?»

ተለክቼ አላውቅም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሳየኝ ብዬ ነበር የጸለይኩት፤ የመጣልኝም ይህ ጥያቄ ነው።

ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ዛሬም እወስደዋለሁ። ግን ለዓመታት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰው ላይ ቫይታሚን ቢ12 ከአንጀት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ጉበት የዓመታት ስንቅ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ይህ ቫይታሚን የነርቭን ሽፋን ጠባቂ ነው፤ ሽቦን የሚሸፍነው ላስቲክ እንደማለት። ላስቲኩ ሲላጥ መልእክቱ ይዛባል፤ ውርር ማለት፣ መደንዘዝ፣ ሚዛን ማጣት ይመጣል። ኦሜፕራዞልን የመሰለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለዓመታት የሚወስድ፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም ሊያጥረው ይችላል። እኔን የገረመኝ ደም ማነስ ሳይኖርም ነርቭ ሊጎዳ መቻሉ ነው። የእኔ ደም ሙሉ ነበር። ፎሊክ አሲድ ብቻውን መውሰድ ደግሞ ደሙን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ሊሸፍነው ይችላል አለችኝ።

ደሜ ተወሰደ። ታይሮይድ፣ ኩላሊት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሁሉም ደህና። ቢ12 118። ዝቅተኛው ወሰን 200 አካባቢ ነው።

ደብተሩስ? ተመለሰችበት። የሚሰማው ነርቭና ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ለየብቻ ናቸው አለችኝ። ኤኤልኤስ የሚያጠቃው የሚያዘውን ነው፤ ውርር ማለትና መደንዘዝ ዋና ጠባዩ አይደለም። እሱ ሲመጣ ጡንቻ ይደክማል፣ ይሟሽሻል፣ ዕቃ ከእጅ ይወድቃል፣ እግር ይጎተታል። እኔ ደግሞ በተረከዜ ስራመድ አይታኛለች። ለማረጋገጥ ቀጭን መርፌ ባቴ ውስጥ አስገብታ የጡንቻዬን ኤሌክትሪክ በድምፅ ማጉያ አሰማችኝ። ሳርፍ ዝም፤ ሳጠነክረው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጫጫል። «ጤነኛ ነው» አለች። መርገብገቡን ያመጣው እንቅልፍ ማጣት፣ ቡናና ጭንቀት ነው። የከንፈሬ ውርር ማለትስ? እሱ የትንፋሽ ነው። ሰው ፈርቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ከንፈርና ጣት ውርር ይላል።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንድ ክር ሰፍቼ ሞት ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

የቢ12 መርፌ ቀን እየዘለለ ተጀመረልኝ፤ አሁን በወር አንዴ ነው። በዚያው ባስፈራራኝ ስልክ በኋላ ያነበብኩት ነገር አለ። ድሮ በቢ12 እጥረት የሚመጣው ከባድ ደም ማነስ ገዳይ ነበር። ጉበት መብላት እንደሚያድን የደረሱበት ሦስት ሐኪሞች፣ ዊፕል፣ ሚኖትና መርፊ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቫይታሚኑ ራሱ ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። እኔ ዘንድ በትንሽ ጠርሙስ፣ ቀይ ሆኖ ደረሰ። መጀመሪያ ሳየው ቀለሙ ብቻ አስለቀሰኝ።

ፈውሱ አዝጋሚ ነው። ነርቭ አይቸኩልም። ቡናውን ወደ አንድ ስኒ አወረድኩ፤ ደብተሩን ባለቤቴ የት እንዳደረገችው እስካሁን አልነገረችኝም። መርገብገቡ በሳምንታት ውስጥ ቀነሰ። እግሬ ግን ወራት ፈጀ። በስድስተኛው ወር ሐኪሟ ያንን ብረት መልሳ አውራ ጣቴ ላይ አስቀመጠችው። ደከም ያለ ነው፤ ግን ዝዝ አለ። መናገር አቃተኝ።

«ንዝረቱ ነው ወይስ ቅዝቃዜው?» አለች እየሳቀች።

«ንዝረቱ ነው ልጄ። ንዝረቱ ነው።»

ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ አሁንም እንደደነዘዙ ናቸው። ላይመለሱ ይችላሉ ብላኛለች። ለእነሱም እጸልያለሁ፤ ስለተመለሱት ግን አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። በሦስተኛው ሌሊት ባቴ ውስጥ ያቺ ነገር ዘለለች። ትር፣ ትር። ባለቤቴ መንቃቴን አውቃ «ምነው?» አለችኝ።

«ባቴ ናት።»

«ተኛ።»

ተኛሁ።