ቢሽማ ዝም ያለበት አዳራሽ

ሕንዶች ማሃባራታን፣ ያንን ዘመዳሞች ለዙፋን የሚዋጉበትን የጥንት ታሪካቸውን፣ በቴሌቪዥን ደግመው ደጋግመው የሚሠሩት ለምንድን ነው? ሰሞኑን ይሄ ነገር ይዞኛል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው እዚያ አገር ብዙም የለም። ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን በማን እጅ እንደሚሞት ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ልብ አንጠልጣይ የሚባል ነገር የለውም። ግን በተሠራ ቁጥር ይታያል።

እኔ የያዝኩት የድሮውን ነው፤ ቢ. አር. ቾፕራ ከልጃቸው ከራቪ ጋር የሠሩትን፣ 94 ክፍል ያለውን። የጀመረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 1988፣ እሁድ ጠዋት፣ የመንግሥቱ ጣቢያ ዶርዳርሻን ላይ ነው። ከእሱ በፊት የእሁድ ጠዋቱ ባለቤት ሌላው የጥንት ታሪካቸው፣ የራማናንድ ሳጋር ራማያና፣ ነበር። ያኔ ራማያና ሲጀምር መንገዱ ጭር ይል ነበር። ሰዉ ገላውን ታጥቦ፣ ዕጣን አጭሶ፣ ቴሌቪዥኑን የአበባ ጉንጉን አልብሶ ነው የሚቀመጠው። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ቤት ይሄዳል። ይሄን እኛም እናውቀዋለን፤ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ መንደሩ ሙሉ ተመልካች።

የራማያና ተዋናዮች ከዚያ በኋላ ተራ ሰው መሆን አልቻሉም። የጀግናው የራማ ሚስት ሲታ ሆና የተጫወተችው ዲፒካ ቺክሊያ በ1991 ፓርላማ ገባች። ራማን የተጫወተው አሩን ጎቪል በ2024 ገባ። የሚገርመው ግን ሌላው ነው። ሲታን የጠለፈውን ራቫናን የተጫወተው አርቪንድ ትሪቬዲም በዚያው በ1991 ተመርጧል። ጠላፊውንም መረጡት እኮ!

በ2020 በኮሮና ምክንያት ሁሉም ቤቱ ሲዘጋበት ዶርዳርሻን ሁለቱንም ከመጋዘን አውጥቶ እንደገና ለቀቃቸው። ከራማያና አንዱን ክፍል ብቻ በአንድ ምሽት 77 ሚሊዮን ሰው አይቶታል ብሎ ጣቢያው አስታወቀ። ትዝታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን ትዝታ ብቻውን አይበቃም። ያኔ ያልተወለዱትም አይተውታል።

የኔን መልስ ያገኘሁት ከእማዬ ጋር ሳይ ነው። ሁለታችንም ሂንዲ አንችልም። እኔ ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ እነግራታለሁ። እሷ ግን ብዙ ጊዜ ትቀድመኛለች። ኋላ ንግሥት የምትሆነው ኩንቲ ሳታገባ የወለደችውን ልጅ ሣጥን ውስጥ አድርጋ ወንዝ ላይ ስትለቀው፣

"እንዴ፣ ይሄ ሙሴ አይደለም እንዴ?" አለች።

"አይደለም እማዬ፣ ካርና ነው።"

"ታዲያ ማን አነሳው?"

"ሠረገላ ነጂ።"

"የንጉሥ ልጅ ሳትሆን?" ቅር አላት።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ካርና የንግሥት ልጅ ሆኖ "የሠረገላ ነጂ ልጅ" እየተባለ ሲዋረድ አደገ። በሰው ፊት ቆሞ ያከበረው ዱርዮዳና፣ ማለትም የታሪኩ ክፉ ሰው፣ ብቻ ነው። በኋላ የሚዋጋቸው ሰዎች የእናቱ ልጆች መሆናቸውን ሲነግሩት እንኳ ዱርዮዳናን አልከዳውም። እማዬ ከዚያ ወዲህ የካርና ወገን ናት።

ቁማሩ ጋ ስንደርስ ግን ነገር ተበላሸ። አዳራሹ በትልልቅ ሰዎች ተሞልቷል። ዓይነ ስውሩ ንጉሥ፣ የዱርዮዳና አባት፣ ዙፋኑ ላይ ነው። የዱርዮዳና አጎት ሻኩኒ ዳይሱን እጁ ላይ እያሻሸ ፈገግ ይላል (ጉፊ ፔንታል የሚባል ተዋናይ ነው፤ ያ ፈገግታ ለብቻው ሽልማት ይገባዋል)። ከካርና የእናት ልጆች ታላቁ ዩዲሽቲራ ይጫወታል፤ ይበላል። ሀብቱን ያስይዛል፣ ግዛቱን ያስይዛል፣ ወንድሞቹን አንድ በአንድ ያስይዛል፣ ራሱን ያስይዛል። በመጨረሻ ሚስቱን። ድራውፓዲን ፀጉሯን ይዘው እየጎተቱ አመጧት። እሷ አላለቀሰችም ማለት አይደለም፤ ግን ከልቅሶዋ ጋር አንድ ጥያቄ አነሳች። ባሌ መጀመሪያ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን? ራሱን ከሆነ ባሪያ ሆኗል፤ ባሪያ የሆነ ሰው እኔን ሊያስይዝ ምን ሥልጣን አለው?

ካሜራው የአያቶችን ፊት አንድ በአንድ ያሳያል። ቢሽማ፣ ነጭ ፂሙን አንዠርግጎ፣ ያ የሚፈራ የሚከበር ሽማግሌ፣ መሬት መሬት ያያል። ነገሩ ረቂቅ ነው፣ መፍታት አልቻልኩም ይላል።

እማዬ ተነሳች። "አፈር ብላ አንተ ሽማግሌ! ሽማግሌ ተሰብስቦ ምን ይሠራል ታዲያ?"

ከወንበዴዎቹ ይልቅ የተናደደችው በዝምተኛው ነው። ይባስ ብሎ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ድራውፓዲን በክፉ አፍ የሰደባት የእሷው ካርና ነው። ስነግራት "እሱ ነው?" ብላ ዝም አለች።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ይሄ ታሪክ የሚታየው መጨረሻውን ለማወቅ አይደለም፤ ለመፍረድ ነው። ፍርዱ ደግሞ አያልቅም። ጀግና ያልኩት ሰው ያሳፍረኛል፣ ክፉ ያልኩት ሰው ለጓደኛው ታማኝ ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ የሚባለው ዩዲሽቲራ እንኳ ጦርነቱን ለማሸነፍ መምህሩን ግማሽ ውሸት ዋሽቶታል። ስለዚህ አያት፣ እናትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሦስት የተለያየ ፍርድ ይሰጣሉ። ቴሌቪዥን ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ ክርክሩ የሚጦፈው በሳምንቱ መሃል ነው።

ጸሐፊውም ይሄን ያወቀ ይመስለኛል። ንግግሩን የጻፈው ራሂ ማሱም ራዛ ነው፤ የኡርዱ ገጣሚ፣ ሙስሊም፣ ከጋንጅስ ወንዝ ብዙም ከማይርቅ መንደር የተወለደ። ሂንዱ ጠፍቶ ነው ወይ ያሉ አልጠፉም። እሱ ግን ተራኪውን "ጊዜ" አደረገው። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር መንኮራኩር ይሽከረከራል፣ ድምፁ "እኔ ጊዜ ነኝ" ይላል። ለማንም አያዳላም፤ ከሁሉም በፊት የነበረ፣ ሁሉንም ያየ ነው። የዩዲሽቲራን ወንድም አርጁናን የተጫወተውም ፊሮዝ ካን የሚባል ሙስሊም ነው። ጉልበተኛውን ወንድማቸውን ቢማን የተጫወተው ደግሞ እውነተኛ ስፖርተኛ ነበር። ፕራቪን ኩማር ይባላል፤ ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ላይ ተወዳድሯል።

በእርግጥ ድክመት አለው። ፍላጻዎቹ አየር ላይ ሲጋጩ የሚወጣው ብልጭታ ያስቃል። ዘውዶቹ ካርቶን ይመስላሉ። አንዳንዱ ንግግር ስብከት ሆኖ ይንዛዛል፤ እዚያ ላይ ወደፊት አሳልፈዋለሁ። በ2013 እንደገና የተሠራው ማሃባራታ በኮምፒውተር የተዋበ ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ ጂም የዋሉ። ጥቂት አይቼ ተውኩት። እዚያ ሙዚቃው ለማን ማዘን እንዳለብኝ ቀድሞ ይነግረኛል።

ፒተር ብሩክ ለመድረክ አዘጋጅቶት በኋላ በ1989 ፊልም ያደረገው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ተዋናዮቹ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው። ቢሽማን የተጫወተው ሶቲጊ ኩያቴ ነው፤ የቡርኪና ፋሶ ሰው፣ ዘሩ ታሪክ ነጋሪ ከሆነ የግሪዮ ቤተሰብ። አጭር ስለሆነ ብዙ ነገር ሮጥ ሮጥ ይላል ይሉታል። ቢሆንም ያንን ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዝም ሲል ማየት እፈልጋለሁ።