«ያላገባች» ተብሎ የተሞላው ቅጽ

የምሠራው ዱባይ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የሰው ኃይል ክፍል ነው። ከሠራተኞቻችን ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ናቸው። በየዓመቱ የሁሉንም መረጃ እናድሳለን፦ አድራሻ፣ የቅርብ ተጠሪ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ልጆች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የአንዲት ነርስ ቅጽ ይዞ መጣ። ስትቀጠር «ያገባች» ብላ ሞልታ ነበር። ለልጇም የአየር ቲኬት አበል ትወስዳለች። በአዲሱ ቅጽ ግን «ያላገባች» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። «የተፋታች» የሚለው ሳጥን እዚያው ከሥሩ ነበር፤ አልነካችውም። «ወይ ያኔ ዋሽታናለች፣ ወይ አሁን እየዋሸች ነው» አለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጂ፣ የልጁንም አበል አግጂ ተባልኩ።

መጀመሪያ እሷን ላናግር አልኩት። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥታለች የሚል ደብዳቤ ማኅደር ውስጥ ከገባ ነርስን ሌላ ሥራ እስከማሳጣት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ምልክት ብቻ አይወሰንም።

ሲስተር መጣች። ቅጹን ሳሳያት አልደነገጠችም። «ማም፣ እኔ አልተፋታሁም። በእኛ አገር ፍቺ የለም» አለችኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ከቫቲካን ሌላ ለዜጎቹ ፍቺን በሕግ ያልፈቀደ አገር ፊሊፒንስ ብቻ ነው። ሙስሊሞች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ በራሳቸው ሕግ መፋታት ይችላሉ። የውጭ ዜጋ ያገባም፣ ፍቺው ውጭ አገር ከተፈጸመ፣ በፍርድ ቤት ሊያስጸድቀው ይችላል። ለሌላው ሰው በር የለም። በ2024 የታችኛው ምክር ቤት የፍቺ ረቂቅ አጽድቆ ነበር፤ ሴኔቱ ግን ሳያሳልፈው ቀረ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን በስምምነትም ሆነ በአንደኛው ወገን ጥያቄ መፋታትን ይፈቅዳል።

ታዲያ እሷ እንዴት «ያላገባች» ሆነች? በፊሊፒንስ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 36 ነው። ሕጉን ፕሬዚዳንት ኮራሶን አኪኖ የፈረሙት በፈረንጆቹ 1987 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1988 ነው። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ ከተጋቢዎቹ አንዱ በሠርጉ ጊዜ የትዳርን መሠረታዊ ግዴታዎች ለመወጣት የሥነ ልቦና ብቃት ካልነበረው ጋብቻው ከመነሻው ዋጋ የለውም፤ ችግሩ የታየው ከሠርጉ በኋላ ቢሆንም እንኳ። ሐሳቡ የተወሰደው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የ1983 ቀኖና ነው። ግዴታ የሚባሉትም አብሮ መኖር፣ መዋደድ፣ መከባበር፣ መታመን፣ መረዳዳት ናቸው።

ታሪኳን አጫወተችኝ። ባሏ በዶሮ ፍልሚያ ይቆምር ነበር። የምትልከው ገንዘብ ሁሉ እዚያ ይቀልጣል። የቤት ኪራይ ሳይከፈል፣ ልጁ ሳይጠየቅ ወራት ያልፋሉ። ጠበቃዋ ጋ ስትሄድ ይህን ሁሉ ዘረዘረች። ጠበቃዋ ግን «ይህ አይበቃም» አለቻት። ቁማር ብቻውን፣ መማገጥ ብቻውን፣ ጥሎ መሄድም ብቻውን አይበቃም። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ሰው ሳያገባሽ በፊትስ ምን ዓይነት ሰው ነበር? አልፈለገም ወይስ ከተፈጥሮው አልቻለም?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ሦስት ነገሮች ይረጋገጡ ብሎ ነበር፦ ችግሩ ከባድ ይሁን፣ ሥሩ ከሠርጉ በፊት ይሁን፣ የማይድን ይሁን። በ1997 ደግሞ ጠንካራ መመሪያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍለጋ ሆነ፤ የትዳር ጓደኛው የበሽታ ስም እንዲሰጠው። በግንቦት 2021 ታን-አንዳል በተባለ የፍርድ ቤት ጉዳይ ይህ ተለወጠ። ነገሩ የሕክምና ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ነው ተባለ። የባለሙያ ምስክርነት የግድ መሆኑ ቀረ። ሰውየውን ከጋብቻ በፊት የሚያውቁ ተራ ሰዎች ቢመሰክሩ ይበቃል። ማስረጃው ግን ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት። ሁለቱ ተመሳጥረው እንዳይሆን ዐቃቤ ሕግም ያጣራል።

በሲስተር ጉዳይ የመሰከረችው የባሏ የገዛ እህት ናት። ገና በወጣትነቱ የእናቱን ዕቃ እየሸጠ ይቆምር እንደነበር ተናገረች። ሥራ እንደማይረጋለት፣ ለማንም አዝኖ እንደማያውቅ። ይህንን ስትነግረኝ ነው ሲስተር ያለቀሰችው። «የልጄን አባት ሰው መሆን አይችልም አስብዬ ነው ነፃ የወጣሁት» አለችኝ።

ይህ ሕግ ለእኔ ከባድ ነው። ትዳሩ በቃኝ ማለት ለምትፈልግ ሴት ሌላ መንገድ አልተወላትም። የሌላውን ሰው አእምሮ በችሎት ፊት መዘርዘር አለባት። ጠበቃ መክፈል፣ ውጭ አገር ሆና ጉዳይ መከታተል፣ ዓመታት መጠበቅ አለባት። አቅም የሌላትስ? በወረቀት ላይ እንዳገባች ትኖራለች። ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላ ካገባች ደግሞ በሁለት ጋብቻ ወንጀል ልትከሰስ ትችላለች።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቅጽ ውሸት አይደለም አልኩት፤ ያኔ ፍርድ ቤት ምንም አልወሰነም፣ በሕግ ፊት ያገባች ነበረች። ሁለተኛውም ውሸት አይደለም፤ ውሳኔው ጋብቻውን ከመነሻው ስላፈረሰው የአገሯ ሕግ ያላገባች ይላታል። እንዲያውም «የተፋታች» ብትል ነበር የተሳሳተ መረጃ የምትሰጠን።

«ጋብቻ ከሌለ ልጁስ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። የዚያው ሕግ አንቀጽ 54 በአንቀጽ 36 የፈረሰ ጋብቻ ከውሳኔው በፊት ያፈራቸውን ልጆች ሕጋዊ ልጆች ይላቸዋል። ልጁ ልጇ ነው፤ የእኛም አበል የሚሰጠው ለልጅ እንጂ ለትዳር አይደለም። ደብዳቤው ቀረ፣ አበሉም ቀጠለ።

ከዚያ ቅጹን አስተካከልን። አሁን የጋብቻ ሁኔታው ከተለወጠ «ከመቼ ጀምሮ» እና «በምን ሰነድ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። ለውጥ ሲታይ የመጀመሪያው እርምጃ ሠራተኛውን መጠየቅ እንደሆነም በውስጥ መመሪያችን አሰፈርን።

አንድ ክርክር ቀርቶን ነበር። ሥራ አስኪያጁ የውሳኔው ሙሉ ቅጂ ማኅደሯ ውስጥ እንዲገባ ፈለገ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። በዚያ ውሳኔ ውስጥ የአንድ ሰው የልጅነት ታሪክ፣ የእናቱ ገመና፣ የእህቱ ቃል አለ። ክሊኒኩ ይህን ምን ያደርግበታል? የፊሊፒንስ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ውሳኔውን በጋብቻ ሰርተፊኬቱ ላይ ጽፎበት ይሰጣል። ያ አንድ ገጽ የሚያስፈልገንን ሁሉ ይናገራል። እሱን ኮፒ አድርጌ ማኅደሯ ውስጥ አስገባሁ፤ የቀረውን ለራሷ መለስኩላት።